አያቶች ሲያወሩ መቅዳት፦ ድምፁ ተርፎ ወጉ እንዳይጠፋ

ማኅደር (ክሩን የከፈተው)

በየቤቱ ያለው ቅጂ ተሰብስቦ ቢሰማ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ዓውዳመት ነው፤ ሲኒ ይንኳኳል፤ አራት ሰው በአንዴ ያወራል። አያትየው ከመሐል ‹‹ያኔ እንግዲህ ከነዚያ ጋር ማዶ ተሻግረን…›› ይላሉ። ከነማን ጋር? የቱ ማዶ? በስንት ዓመተ ምሕረት? የሚጠይቅ የለም። እሳቸው ካለፉ በኋላ ያንን ቅጂ የሚሰማ ሰው ድምፃቸውን ይሰማል እንጂ የሚያወሩትን አያገኘውም።

ስለዚህ ከመቅጃው በፊት ደብተር። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሐረግና ካርታ ነው።

ሐረጉን ከአያትየው ተነስታችሁ ወደ ላይ እስከሚያውቁት ጻፉ። በአባት በኩል እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አዛውንት ብዙ ናቸው። በእናት በኩል ግን ካልተጠየቁ አይሄዱም፤ ሴቶቹ ሁሉ ‹‹የእገሌ ሚስት›› ሆነው ይቀራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የቤት ስሙን፣ ካለው ደግሞ የፈረስ ስሙን ጠይቁ። ምክንያቱም አንዱን ሰው በአንድ ወግ ላይ በቤት ስሙ፣ በሌላው ላይ በፈረስ ስሙ ይጠሩታል፤ ካልተጻፈ ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለት ሰው ይሆናል። የጡት ልጅም፣ የክርስትና ልጅም፣ የማደጎም በየራሱ ምልክት ይግባ። ‹‹ልጄ›› ሲሉ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ካርታው ያደጉበት ግቢ ነው። ቤቱ፣ ማድ ቤቱ፣ በረቱ፣ ጎተራው፣ ውኃ የሚቀዳበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የገበያው መንገድ። መሣል አልችልም ካሉ መሬት ላይ በዱላ ያሳዩ፣ እናንተ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ለየቦታው ቁጥር ስጡት። በኋላ ቅጂው ላይ ‹‹እዚያ ማዶ›› ሲሉ ‹‹ባለ 4 ቁጥሩ ነው?›› ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህች አንዲት ጥያቄ ቅጂውን ታድነዋለች።

ከዚያ በኋላ ነው ወግ። አንድ ቁጭታ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ በአንድ ርዕስ። ‹‹ልጅነትዎ እንዴት ነበር?›› ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ‹‹ደህና ነበር፣ ተመስገን›› ነው፤ አለቀ። ‹‹ጠዋት እሳቱን ማን ያነዳል? ፍሙ ቢጠፋ ከየት ይመጣል? ውኃው በቀን ስንት እንስራ ነው?›› ብትሉ ግን ከእሳቱ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ጠብ፣ ከጠቡ ወደ ሽምግልና በራሳቸው ይሄዳሉ። ‹‹ነው አይደል?›› የሚል ጥያቄ አታቅርቡ፤ በይሉኝታ ‹‹አዎ›› ይላሉ።

ቅጂው ሲጀምር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን ማን እንዳለና ስንተኛ ቁጭታ እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ፋይሉ ስሙ ቢጠፋበት እንኳ ራሱ ማን እንደሆነ ይናገራል።

ድምፁንና የዘመን ነገሩን የምታውቁ ቀጥሉበት።

የሽቦ_ልጅ

ስለ ድምፅ። ውድ ማይክ አይደለም ጉዳዩ፤ ርቀቱ ነው። ክፍሉ ማዶ ከተቀመጠ ውድ ማይክ ይልቅ አገጭ ሥር አንድ ስንዝር ላይ ያለ ርካሽ የደረት ማይክ ይሻላል። ግን የደረት ማይክ በነጠላና በጋቢ ላይ ሲታሰር ጨርቁ እየታከከበት ሽሽሽ ይላል፤ ይህ ደግሞ በኋላ አይጸዳም። ማይኩን ከውጭ በኩል፣ ጋቢው ከማይደርስበት ጠርዝ ላይ ያዙት፤ ሽቦውን አንድ ጊዜ ጠቅልላችሁ በመርፌ ቁልፍ እሰሩት፤ ሲጎተት ማይኩን እንዳይነካው።

ማይክ ከሌለ ስልኩ ብቻ ይበቃል፣ ከአፍ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከቀረበ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ ሲኒ በተቀመጠ ቁጥር እንደ ከበሮ ይመታል። የታጠፈ ነጠላ ከሥሩ። የስልኩ ማይክ ከታች ጫፉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ናት፣ ወደ ተናጋሪው ትዙር። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ሲገባ ብዙ ስልክ ቀረጻውን ያቋርጠዋል፣ አቋርጦም አይናገርም። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር።

ማስተካከያው ላይ ዋቭ የሚል (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ካለ እሱን ምረጡ፤ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ አንድ ቻናል። በሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ይይዛል። ለዚያ ቦታ ከሌለ 16 ቢቱ ወደ 345 ይወርዳል፣ ለንግግር ምንም አይጎዳም። የድምፁ ከፍታ በመለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል (-12) አካባቢ ሲመታ ይሁን፤ ዜሮን ከነካ የተቆረጠው አይመለስም።

ክፍል ስትመርጡ በሲሚንቶና በሴራሚክ የተሠራ ባዶ ሳሎን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ያስተጋባል። ፍራሽ፣ መጋረጃና የተንጠለጠለ ልብስ ያለበት መኝታ ቤት ስቱዲዮ ነው። ፍሪጁን ለዚያ ሰዓት ንቀሉት፤ ስትጨርሱ መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የመኪና ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት (አትሳቁ፣ ይሠራል)።

ሁለት ደቂቃ ቀድታችሁ በማዳመጫ ስሙ። ይህን ሳያደርግ የጀመረ ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ሰዓት ሙሉ ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ አያት ደግሞ ያንኑ ወግ በዚያው ለዛ ሁለተኛ አያወሩትም።

ጎልማሳው

ቆርቆሮ ቤት ነው፣ ክረምት ነው። ምን ይደረግ?

የሽቦ_ልጅ

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከንግግሩ ጋር በአንድ ሞገድ ውስጥ ስለሚገባ በማጽጃ ፕሮግራም አይለይም። ወይ ጠዋት ቅዱ፣ ብዙ ቦታ ክረምት ላይ ዝናቡ ከሰዓት ስለሚበረታ፤ ወይ የደረት ማይክ ተጠቀሙ፤ ወይ መስከረም እስኪጠባ ሐረጉንና ፎቶውን ሥሩ።

ቡናን በተመለከተ፦ ቆላውና ሙቀጫው ካለቀ በኋላ ጀምሩ። አቦል ተቀድቶ ቶና እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰው ተረጋግቶ የሚያወራው ያኔ ነው። ረከቦቱን ከመቅጃው ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቁት።

ዘመን_ቆጣሪ

ማኅደር ‹‹በስንት ዓመተ ምሕረት?›› ያለው ላይ ልግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። አዛውንቱ ቁጥር ይሰጧችኋል፤ ቁጥሩ ግን በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ክብ ቁጥር ነው፣ ግምት ነው። የሚጠየቀው ክስተት ነው።

ዛሬ ዘጠና ግድም ለሆኑ ሰዎች ዋናው ካስማ ጣሊያን ነው። ‹‹ጣሊያን ሲገባ ታዝለው ነበር ወይስ በእግርዎ ይሄዱ ነበር? ሲወጣ ጥጃ ያግዱ ነበር?›› ይህ ከማንኛውም ወረቀት ይሻላል። ግን ተጠንቀቁ፦ ጣሊያን በአንድ ቀን አገሩን ሁሉ አልያዘም፣ በአንድ ቀንም አልወጣም። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ጎሬ የተያዘችው ግን ኅዳር 1929 ላይ ነው። ንጉሡ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሲሆን ጎንደር ላይ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። ስለዚህ ‹‹ጣሊያን ሲወጣ›› የሚለው ለሸዋውና ለጎንደሩ ሰው የሰባት ወር ልዩነት አለው። መጀመሪያ የት እንደነበሩ፣ ቀጥሎ መቼ።

ሌሎቹ ካስማዎች፣ እንደ ዕድሜያቸው፦ ማይጨው (መጋቢት 1928)፣ የካቲት 12 (1929)፣ የታኅሣሡ ግርግር (1953)፣ የወሎ ድርቅ (1965 እና 66)፣ የንጉሡ መውረድ (መስከረም 2 ቀን 1967)፣ የመሬት አዋጅ (የካቲት 25 ቀን 1967)፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ የሶማሊያ ጦርነት (1969 እና 70)፣ ሰባ ሰባት፣ ግንቦት 20 (1983)። የንጉሡ ምስል ያለበት ብር የተቀየረው በ1969 ነው፤ ‹‹ጥሎሹ በየትኛው ብር ተከፈለ?›› የሚለው ጥያቄ የሠርግ ዓመት ያጠባል። ከ1911 የኅዳር በሽታ የተረፉ አሁን የሉም፤ ግን ‹‹እናቴ በኅዳር በሽታ የሙት ልጅ ሆና ቀረች›› የሚል ወግ የቅድመ አያትን ዕድሜ ይሰጣል።

በሁለተኛ ደረጃ የወንጌላውያኑ ዘመን አለ። ብዙ ቤት ‹‹በሉቃስ ተወለደ›› ይባላል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፦ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ።

በሦስተኛ ደረጃ ክርስትና። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሱ፣ የክርስትናው በዓል ከታወቀ ልደቱ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ሦስቱን ስታጋጥሙ ይህን ይመስላል። አንዲት አሮጊት ‹‹ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ድክ ድክ እል ነበር፣ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ክርስትና የተነሳሁት ለአስተርእዮ ማርያም ነው›› ቢሉ፦ ድክ ድክ የምትል ልጅ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ናት፤ በዚያ መሐል ያለው ሉቃስ 1927 ነው (ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል)። አስተርእዮ ጥር 21 ናት፤ 80 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ኅዳር 1 ወይም 2 ላይ ያርፋል። እንግዲህ በኅዳር መጀመሪያ 1927፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 1934። ከሦስቱ አንዱ ካልገጠመ አታስገድዱት፤ ሦስቱንም እንደተነገረ ጻፉና ‹‹አልገጠመም›› በሉ።

ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ትደምራላችሁ። የሉቃስ ዘመን ጳጉሜን 6 ስለምትሆን በማግሥቱ ዓመት አንድ ቀን ይንሸራተታል። ከሁሉም በላይ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረውን በዚያው ጻፉ፣ የፈረንጁን ከጎኑ። ቀይራችሁ ብቻ ከጻፋችሁ፣ ስትቀይሩ የሠራችሁት ስህተት አይታይም።

ሰሚራ_ወ

ለሙስሊም ቤተሰብም ጨምርበት እንጂ ዘመን ቆጣሪ። ልደት በክርስትና አይቆጠርም፣ ግን ረመዳን አለ። የሒጅራ ዓመት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም ረመዳን ወቅቱን ይዞራል፤ ወደ አንድ ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት ግድም ነው። ‹‹ያገባሁት ረመዳን ሐምሌ ላይ በዋለበት ዓመት ነው፣ ጭቃው ሳይደርቅ›› ካሉ፣ ያ ወይ በ1939 አካባቢ ነው፣ ወይ በ1972 አካባቢ። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ የበኩር ልጅ ዕድሜ ይነግራችኋል።

ዘመን_ቆጣሪ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ይህ ከሉቃስና ዮሐንስም ይጠባል። ሌላ ያልጠቀስኩት የወንድምና እኅት ተራ ነው። ልጅ ጡት ሳይጥል ቀጣዩ ስለማይመጣ በሁለት ልጅ መሐል ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት አለ። የሞቱትንም ቁጠሩ፤ አዛውንት የሞተ ሕፃን አይቆጥሩም፣ ለብቻው መጠየቅ አለበት፤ ቀስ ተብሎ።

መታወቂያና ፓስፖርት ላይ ያለውን ቀን እንደ ማስረጃ አትውሰዱ። በስደት የወጡ አዛውንት ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ናቸው፤ ዓመቱም ለወረቀት የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

ወሎዬዋ

አንድ ነገር ላይ ከማኅደር ጋር አልስማማም። ‹‹የመጀመሪያው ቀን ሐረግና ካርታ›› ሲባል ብዙ ሰው መቅጃውን አይከፍትም። ክፈቱት። ሐረግ ሲቆጠር ነው ‹‹ይህቺማ… ተዋት›› የሚባለው። ያች ‹‹ተዋት›› ድጋሚ አትመጣም።

ግጥም ላይ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለ። ሙሾ፣ ቀረርቶ፣ ፉከራ፣ የሠርግ ዘፈን፣ ቅኔ ካለ፦ መጀመሪያ ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ይባል። ቃል ቢያልፋችሁም ዝም በሉ፤ ግጥም በዜማው ተያይዞ ነው በራስ ውስጥ ያለው፣ ከመሐል ካቋረጣችሁ ቀሪው ይጠፋባቸዋል፣ ከመጀመሪያው ካልጀመሩም አይመለስም። ሁለተኛ ዙር መልሳችሁ አሰሟቸውና በየስንኙ አቁሙ፤ ይህ ማን ነው፣ ይህ ቦታ የት ነው፣ ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁስ። ማብራሪያው በሌላ መቅጃ ወይም በሌላ ስልክ ይቀዳ።

ሙሾን በባዶ ቤት፣ ያለ ለቅሶ አታስወጡ። ብዙ እናቶች ሞት ይጠራል ብለው አይሉትም። ‹‹በእገሌ ለቅሶ ላይ ምን ተባለ?›› ብትሉ ግን ይነግሯችኋል፣ የተባለ ነገር ነውና።

ፉከራ ሲመጣ ድምፁ በአንዴ ሦስት እጥፍ ይሆናል። መቅጃው በእጅ የሚስተካከል ከሆነ ከመጀመራቸው በፊት ዝቅ አድርጉት፤ ስልክ ከሆነ አንድ ሜትር አርቁት። ተረት ከሆነ ደግሞ ልጅ ይቀመጥ፤ ‹‹ተረት ተረት›› ሲሉ ‹‹የላም በረት›› የሚል ከሌለ ተረቱ ወደ ማጠቃለያ ይወርዳል፣ በሦስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። እንቆቅልሽም እንደዚያው፤ ‹‹ምን አውቅልህ›› የሚል ሰው ያሻዋል።

መቅጃውን ‹‹በቃ አበቃን›› ሲባል አትዝጉት። ምርቃቱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው፤ ከምርቃቱ በኋላ ደግሞ ስትነሱ በር ላይ የሚነገረው።

ማኅደር

ወሎዬዋ፣ ተቀብያለሁ። ይከፈት፤ ደብተሩ ግን አይቅር።

ነርስ_ነኝ

መርሳት የጀመራቸው አዛውንት ላይ ሥራው ይለያል። ‹‹ያስታውሳሉ?›› የሚለው ቃል ራሱ ፈተና ነው፤ ካላስታወሱ ያፍራሉ፣ ካፈሩ ይዘጋሉ። ዕቃ ስጧቸው እንጂ ጥያቄ አትስጧቸው። የድሮ መሶብ፣ እንዝርት፣ ዳዊት፣ መቁጠሪያ፣ የኑግ ሽታ። እጅ ላይ ሲገባ አፍ ይከፈታል፤ እንዝርቱን ይዘው ሲያሾሩ ስለ ፈትሉ ያወራሉ።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፣ ከቁርስ በኋላ፤ ወደ ማታ ግራ መጋባቱ ይበረታል። ከ20 ደቂቃ አትለፉ። ስም ቢያሳስቱ፣ የሞተን ሰው ‹‹አሁን መጣ›› ቢሉ አታርሙ፤ በደብተር ላይ ደቂቃውን ጽፋችሁ እለፉ። አንድ ወግ አሥር ጊዜ ቢመላለስ አሥሩንም ቅዱ፤ በየዙሩ ሌላ ዝርዝር ይወጣል፣ የማይለወጠው ክፍል ደግሞ ይበልጥ የሚታመነው ነው ማለት ይቻላል።

ጆሮ የደከመ ከሆነ አትጩኹ። ጩኸት ድምፁን ያጎላል እንጂ ቃሉን አያጠራም። ፊት ለፊት፣ ከንፈራችሁ እየታየ፣ ድምፃችሁን ወፈር አድርጋችሁ ቀስ በሉ። የጆሮ መሣሪያ ያላቸው ከሆነ ባትሪውን ከመጀመራችሁ በፊት ለውጡ።

ከባሕር_ማዶ

ዋሽንግተን አካባቢ ነን፣ ሽማግሌዎቹ አገር ቤት ናቸው። በስልክ ጥሪ እየቀዱ መሥራት ይቻላል? ሌላው፣ ልጆቹ ጥያቄውን ራሳቸው መጠየቅ ይፈልጋሉ፤ አማርኛቸው ግን ደካማ ነው።

የሽቦ_ልጅ

ጥሪውን አትቅዱ፤ ኔትወርኩ ቃሉን እየበላ ነው የሚመጣው። አዛውንቱ ዘንድ አንድ የጎረቤት ወይም የዘመድ ልጅ ሁለት ስልክ ይዞ ይቀመጥ። በአንዱ እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ ሁለተኛው በአውሮፕላን ሁነታ ከአያትየው ደረት አጠገብ ይቀዳል። ሲያልቅ ፋይሉን በቴሌግራም ሲልክ በ‹‹ፋይል›› በኩል ይላክ እንጂ በድምፅ መልእክት አይደለም። በድምፅ መልእክት ከሆነ ተጨምቆ ነው የሚደርሳችሁ።

ሰዓቱን አስቡበት። ዋሽንግተን በበጋቸው ከአዲስ አበባ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ነርሷ ጠዋት ያለችውን 3 ሰዓት ብንለው እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ወይም 7 ሰዓት ነው። አገር ቤት ከቀኑ 10 ሰዓት ብትይዙ ለእናንተ ጠዋት 3 ወይም 2 ይሆናል፤ ለብርቱ ሽማግሌ ይሆናል። ለደከሙት ግን ጥያቄውን በድምፅ ቀድታችሁ ቀድማችሁ ላኩ፣ ልጁ ጠዋት ያሰማቸው።

ማኅደር

ስለ ልጆቹ፦ ጥያቄውን ያንብቡ፣ ግን ቀድመው ይለማመዱት፤ ‹‹አንተ›› ብለው እንዳይጀምሩ። ‹‹እርስዎ›› ወይም ‹‹አንቱ››፣ በየአገሩ እንደሚባለው። ከመጠየቅ የሚሻለው ግን ዕቃ ማሳየት ነው፤ ልጁ ፎቶ ይዞ ‹‹እማማ፣ ይህ ማን ነው?›› ማለት ይችላል፣ ቋንቋ አይጠይቅም።

እስራኤል ላሉትም ይህ ይሠራል። እዚያ የልጅ ልጁ ዕብራይስጥ፣ አያት አማርኛ ወይም ትግርኛ ናቸው። ትርጉሙን እዚያው በመሐል አታስገቡ፤ አስተርጓሚ ሲገባ አያት ለአስተርጓሚው ማውራት ይጀምራሉ፣ ወሬው ያጥራል። በሱዳን በኩል የሄዱት ከሆኑ በካርታው ላይ ግቢ ብቻ ሳይሆን መንገዱን ሥሩ፦ ከየት መንደር፣ የት ታደረ፣ ካምፑ የቱ ነው፣ ማን የት ተቀበረ። በመንገዱ የቀሩትን ሰዎች ስም በጥንቃቄና በሙሉ ጻፉ፤ ብዙዎቹ መቃብር የላቸውም።

ካሴት_ቤት

ሰው አዲስ ለመቅዳት ሲሯሯጥ ሳጥን ውስጥ ያለውን ይረሳል። ስልክ ውድ በነበረ ጊዜ ዘመድ ከዘመድ በካሴት ነበር ደብዳቤ የሚላላከው፤ ዛሬ የሌሉት ሰዎች ድምፅ እዚያ ላይ አለ።

ካሴቱን አግኝታችሁ ወዲያው አታጫውቱ። በመስኮቱ እዩት፤ ነጭ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ካለበት ለሌላው ካሴትም ስለሚያጋባ ለይታችሁ አስቀምጡት። ላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስህተት አይቀዳበትም። ከሥር መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ይሆናል፤ ከሌላ የማይፈለግ ካሴት አምጥታችሁ ተኩ። አንድ ጊዜ እስከ ዳር፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። የማጫወቻውን ራስና የጎማ ጎማውን ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮልና ጥጥ ጥረጉ፤ ያንን ሳታደርጉ የሚጎድለውን ድምፅ ካሴቱ ላይ ታሳብባላችሁ።

ከማጫወቻው የድምፅ መውጫ ወደ ኮምፒውተር በሽቦ፣ ኦዳሲቲ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም፣ አንድ ፊት አንድ ፋይል። በድምፅ ማጉያ አጫውታችሁ በስልክ አትቅዱ። ዶልቢ (የካሴት ሹክሹክታ መቀነሻው ቁልፍ) ቢኖርም አጥፉት፤ የቤት ካሴት አብዛኛውን ጊዜ በዶልቢ አይቀዳም ነበር። ባትሪው እያለቀ በተቀዳ ካሴት ላይ ድምፁ መጨረሻ አካባቢ እንደ ጫጩት ይሆናል፤ ያንን ክፍል ለብቻው ፍጥነቱን ታወርዳላችሁ፣ ግን ያልተነካውን ዋናውን አስቀምጡ።

ፎቶ ላይ ሁለት ቃል። ላሚኔት አታስደርጉ! ሙቀቱና ሙጫው ፎቶውን ያበላሹታል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ስካን ሲደረግ በ600፣ ጉርድ ፎቶ ከሆነ በ1200 ነጥብ፤ ጀርባውንም ጭምር። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ‹‹ለማስታወሻ›› ተብሎ የተጻፈው፣ ሁሉ ያለው ጀርባው ላይ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

ወደ ጽሑፍ ስለመገልበጥ ማንም አላነሳም። ለመደው ሰው የአንድ ሰዓት ቅጂ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ሁሉንም አትገልብጡ። መጀመሪያ በየ5 ደቂቃው አንድ መስመር ማውጫ ሥሩ፦ ‹‹ደቂቃ 15፦ የአባት ጋብቻ፤ ደቂቃ 20፦ የበሬው ጠብ››። ከዚያ የሚገባውን ብቻ በሙሉ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ላይ፣ ሰና ሠ ላይ፣ አና ዐ ላይ፣ ጸና ፀ ላይ ከመጀመሪያው አንዱን ወስናችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያለዚያ በኮምፒውተር ‹‹ኃይሉ››ን ስትፈልጉ ‹‹ሀይሉ›› አይመጣም።

የአነጋገሩን ለዛ አታቃኑ። ‹‹ኸዚያ›› ካሉ ‹‹ከዚያ›› አይሁን። ማጥበቅና ማላላቱ ግን በፊደላችን አይታይምና ጠንቀቅ በሉ፤ ‹‹ይመታል›› ብላችሁ ስትጽፉ መቺው ነው ተመቺው? በደም ወሬ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሻሚ ቃል ላይ በቅንፍ ‹‹ይጠብቃል›› ወይም ‹‹ይላላል›› ጻፉ። ሰውና ቦታ ስም ላይ የግድ።

ማሽን አማርኛን በድምፅ ተቀብሎ ይጽፋል፤ ለረቂቅ ይሆናል። ስም ላይና በገጠር አነጋገር ላይ ግን የማያውቀውን ቃል በሚያውቀው ይተካዋል፤ ዐረፍተ ነገሩ ልክ ስለሚመስል ስህተቱ ዓይን አይገባም።

እና ፋይሉን በዩኒኮድ ጻፉ። ድሮ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈ ሁሉ ዛሬ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው የሚታየው። እንዲህ ያለ ፋይል ቤት ውስጥ ካላችሁ ያ ፎንት ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ሳይሞት ፋይሉን በወረቀት አትሙት።

ሕግ_ነክ

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አዛውንቱ መሐል ላይ ‹‹ያ መሬት ለእገሌ ይሁን›› ማለት ከጀመሩ ርዕሱን መልሱት። በድምፅ የተቀዳ ነገር ኑዛዜ አይሆንም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው መንገድ ተጽፎ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብና ይፈረማል። ቅጂው ሕጋዊ ዋጋ ሳይኖረው በወራሾች መሐል ግን ጠብ ያስነሳል፤ ቀጂው ደግሞ ‹‹አናዘዛቸው›› ይባላል።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። አስፈርሙ አልልም፣ ወረቀት ያስፈራቸዋል፤ ቅጂው ላይ ራሳቸው ይናገሩ። ‹‹ይህን ቤተሰብ ይስማው? ሌላ ሰውስ? ከእርስዎ በኋላ ብቻ?›› ቀይ ሽብር ላይ ማን ማንን እንደጠቆመ፣ የደም ጉዳይ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የሰው የዘር ሐረግ ከተነሳ ያን ክፍል ለብቻው ቆርጣችሁ ሌላ ፋይል አድርጉት። የሚወራበት ሰው በሕይወት አለ፣ ልጆቹም አሉ። ንስሐ ጉዳይ አይጠየቅም።

ጎልማሳው

ለማስቀመጥ 2 ቴራባይት ፍላሽ በርካሽ አግኝቻለሁ። ይበቃል?

ካሴት_ቤት

ተጠንቀቅ ወንድሜ፣ የብዙዎቹ ርካሽ ፍላሾች ቁጥር የውሸት ነው። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያሳይሃል፣ ውስጡ ግን 32 ወይም 64 ጊጋ ነው። ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፈዋል፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ባዶ ነው። መሞከሪያው እስከ አፉ ሞልተህ መልሰህ ማንበብ ነው፤ ይህን የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፣ ኤች ቱ ቴስት የሚባለውን ፈልግ።

እውነተኛ ቢሆንም አንድ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ቅጂ፦ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ ቤት፣ ሁለተኛው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ፣ ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ። ፌስቡክና ዩቲዩብ አይቆጠሩም፣ ጨምቀው ነው የሚያስቀምጡት። በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሃርድ ዲስኩን ሰክታችሁ ከየአቃፊው አንድ ፋይል ክፈቱ።

ፋይሎቹን በቁጥር ብቻ ሰይሙ፣ 001፣ 002 እያላችሁ፤ ከቁጥሩ ጎን ያለው ስም፣ ቀንና ቦታ በደብተሩ ላይ ይሁን። የግዕዝ ፊደል ያለበት የፋይል ስም አንዳንድ አሮጌ ማጫወቻና ኮምፒውተር ላይ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል፤ ሁሉም ‹‹????›› ከሆነ የትኛው የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ደብተሩንም በስልክ ፎቶ አንሱትና ከፋይሎቹ ጋር አስቀምጡት።

ጎልማሳው

ደብተሩን በየትኛው እስክሪብቶ?

ካሴት_ቤት

እርሳስ። ውኃ ቢገባበት አይፈስም።